«ሃንዳ» ውስጥ እጅ አለ

አይስላንድኛ ስጀምር መስተዋድዶችን የያዝኳቸው በሰንጠረዥ ነበር። ይሄኛው ከኋላው የሚመጣውን ስም በአገናዛቢ መልክ፣ እንደ «የእኔ»፣ ይፈልጋል፤ ያኛው በተቀባይ፣ እንደ «ለእኔ»። ማታ ሸምድጄ ጠዋት እረሳለሁ።

የነቃሁት በአንድ የመንገድ ማስታወቂያ ነው። «ሎካድ ቬግና ቬዱርስ» ይላል፤ በአየሩ ምክንያት ተዘግቷል። «ቬግና»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ ስፈልጋት «ቬጉር»፣ መንገድ፣ ከሚለው ስም የመጣች ሆና አገኘኋት፤ የብዙ ቁጥር አገናዛቢ መልኩ ደርቆ ቀርቶ ነው።

ሰንጠረዡን ጣልኩትና ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጥያቄ ብቻ አነሳሁ፦ ድሮ ምን ነበርክ? «ሶኩም» ጥፋት፣ ክስ፣ ምክንያት ማለት ከሆነው «ሶክ» ነው፤ የእኛ «በዝናቡ ምክንያት» ወንድም። «ወደ» የሚሆነው «ቲል» ከጀርመኖቹ «ጺል»፣ ግብ፣ ጋር ይዛመዳል፤ «ቲል» ስምነቱ ጠፍቶ መስተዋድዱ ብቻ ተርፏል። ሦስቱም አገናዛቢ የሚስቡት ለዚህ ነው። «የአየሩ መንገድ»፣ «የአገሩ ግብ» የሚል አጥንት ውስጣቸው አለ።

እዚህ ላይ ተኩራራሁ። ለሰው የታሰበ ነገር ላይ የሚገባው «ሃንዳ» ከ«ሆንድ»፣ ከእጅ፣ መምጣቱን ሳውቅ ደፍሬ በአገናዛቢ «ቦውክ ሃንዳ ሚን» ብዬ ጻፍኩ፤ መጽሐፍ ለእኔ ማለቴ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ሃንዳ ምየር» ብላ አረመችኝ። ለካ ተቀባይ ነው! መልሱ ያለው በጥንቱ አነጋገር «ቲል ሃንዳ» ውስጥ ነው፤ «ለእኔ፣ ወደ እጆች» እንደማለት። «ቲል» አገናዛቢ ያደረገው እጁን ነው፤ ሰውየው መጀመሪያውኑ ተቀባይ ነበር። ኋላ «ቲል» ወደቀና «ሃንዳ» ብቻውን ቀረ። ስም ነበር ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከምን ጋር ይሄድ እንደነበር ማየት ነበረብኝ።

ባልደረባዬን «ሃንዳ ስትዪ እጅ ይታይሻል?» አልኳት። እጇን አየት አድርጋ ሳቀች፤ ታይቷትም አያውቅ። «እናንተስ ጋ?» አለችኝ። «ከምሳ በፊት» የሚለው መጣብኝ፤ ምሳ ምን ፊት አለው? ያን ቀን ማታ እናቴ ስትደውል ቡና ላዬ ላይ እንደፈሰሰ እየነገርኳት አፌ ላይ ያዘኝ። «ላዬ ላይ»። አንዱ ቃል ሁለቴ ነው፤ የፊተኛው ገና የእኔ ነው፣ «ዬ»ን ይዟል፤ የኋለኛው የማንም አይደለም።