ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚፈሩት ሳምንታት

ቮን ዊልብራንድ የተባለው በዘር የሚተላለፍ፣ ደም እንደሚገባው እንዳይረጋ የሚያደርግ ችግር ስላለብኝ፣ በኦፕራሲዮን እንደምወልድ ሲታወቅ ቤተሰቤን ያስጨነቀው የቀዶ ጥገናው ዕለት ነበር። የደም ሐኪሜን ይበልጥ ያሳሰባት ግን ከወሊድ በኋላ ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ነበር፤ ምክንያቱን ስታስረዳኝ ስጋቷ ተገቢ መሆኑ ገባኝ።

እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ክፍት የሚቀሩትን የደም ሥሮች በቅድሚያ የሚዘጋቸው የረጋ ደም ሳይሆን ራሱ የማህፀን ጡንቻ ነው፤ ሲኮማተር በመካከሉ የሚያልፉትን ሥሮች ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ልጅ ሲጠባ ሆድን የሚቆርጠውም ይኸው መኮማተር ነው። በዚያ ላይ በእኛ ደም ውስጥ የሚያንሰው ፕሮቲን፣ ቀለል ያለው ዓይነት ሕመም ባለባቸው በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ፣ በእርግዝና ጊዜ ከፍ ስለሚል የወሊዱ ቀን በሰላም ሊያልፍ ይችላል። ከወሊድ በኋላ ግን ፕሮቲኑ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይወርዳል፤ ማህፀኑ በበኩሉ ከ1 ኪሎ ግራም ገደማ ተነሥቶ ወደ 100 ግራም ወይም ከዚያ በታች ለመመለስ 6 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ እንግዴ ልጁ የነበረበት ቦታ ገና እየተላላጠ አዲስ ሽፋን በሚያወጣበት፣ የማህፀኑም ስፌት ገና በሚጠግንበት ወቅት፣ እርግዝናው የሰጠን መከላከያ ተሟጦ ያልቃል።

አራስን ከሥራ አሳርፎ ገንፎና አጥሚት የሚያቀርበው ልማዳችን ለዚህ ጊዜ እጅግ ይስማማል። የማልቀበለው ነገር ቢኖር ብዙ ደም ሲፈስ «የቆየ ደም ነው፣ ይውጣ» የሚለውን ማጽናኛ ነው። ሊጠፋ ደብዝዞ የነበረ ደም እንደገና በብዛት መቅላት፣ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ መራስ፣ ትልልቅ የረጋ ደም መውጣት፣ ማዞር፣ እንዲሁም በስፌቱ ዙሪያ የሚጨምር እብጠት በቶሎ ሐኪም ቤት የሚያስሄዱ ምልክቶች ናቸው።

ለእኔ የታዘዘልኝ ትራኔክሳሚክ አሲድ ሲሆን፣ ይህ መድኃኒት የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል፤ ለእንደኛ ዓይነት ሴቶች ከወሊድ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲወሰድ ይመከራል። ደማቸው ከልክ በላይ የሚረጋ ሴቶች ጉዳይ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ለ6 ሳምንት ያህል ደም የሚያቀጥን የሄፓሪን መርፌ ስለሚወስዱ፣ የአንዳችን መድኃኒት ለሌላችን አደጋ ነው።

ለስፌት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የደም ሴሎችን የመያያዝ አቅም ስለሚያዳክሙ፣ እኔ የወሰድኩት ፓራሲታሞል ነበር፤ የ6 ሳምንቱን ቀጠሮ ሳልጠብቅም በሁለተኛው ሳምንት የደም ማነስና የፕሮቲኑ መጠን እንዲመረመርልኝ ከሆስፒታል ሳልወጣ ቀጠሮ አስይዣለሁ።