አንዴ ብቻ የሚያገለግል በርሜል

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። እጄ አሁንም ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

ኦልድ ፋሽንድ የሚሉትን ኮክቴል ዛሬ ስንቴ እንደሠራሁ አልቆጠርኩም። አርብ ማታ የሆቴሉ ባር የሚመጣው ሰው የተማከረ ይመስል ሁሉም እሱኑ ነው የሚያዘው። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ መጠጥ ጉድ ሆኛለሁ። ቦርቦን የሚሉትን የአሜሪካ ዊስኪ፣ ስኳሩንና ቢተርስ የሚባለውን መራራ ቅመም መናጫው ውስጥ ከትቼ፣ ቅቤ እንደማወጣ ሰው ናጥኩት። ሲቀዳ ደፈረሰ፣ አረፋ አወጣ። ደንበኛው ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ አየውና ምንም ሳይል መልሶ ወደ እኔ ገፋው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚናጠው እንደ ዊስኪ ሳወር ሎሚ ያለበት ነው። ኦልድ ፋሽንድ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ነው የሚማሰለው። ትንሽ ስኳር፣ ሁለት ሦስት ጠብታ አንጎስቱራ የሚባለው ቢተርስ፣ ስኳሩን የሚያሟሟ ጥቂት ውሃ። ከዚያ 60 ሚሊ ሊትር ቦርቦንና አንድ ትልቅ በረዶ። መጨረሻ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ከላዩ ጨመቅ ሲደረግ ዘይቱ ብን ሲል በመብራቱ ይታያል። ከሥራዬ ሁሉ የምወዳት ያቺን ቅጽበት ነው።

ሥራ ከመግባቴ በፊት እማዬ ደውላ ነበር። «ይሄ የምትቀዳው ነገር ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለችኝ። ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችኝ፤ ጥያቄዋ የባለሙያ ነው።

«ከበቆሎ» አልኳት። ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ካልሆነ ቦርቦን ተብሎ አይሸጥም።

«አረቄ ነዋ!»

አልተሳሳተችም። ተጣርቶ ሲወጣ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው በርሜሉ ነው፤ አዲስ የኦክ በርሜል፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ መጠጡ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ ብርዱ ሲመጣ ይመለሳል። ያ ቫኒላ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር የሚለው ጣዕም ከዚያ ነው የሚመጣው።

«በወይራ ያጥኑታል በለኛ።»

«አይ እማዬ፣ እንጨቱን ራሱን ነው የሚያቃጥሉት።»

ዝም አለች። ጋኗን በግራዋ አሽታ አጥባ፣ ጢሱ ላይ ስትደፋው ዓይኔ ላይ መጣችብኝ።

ምን እንዳናገረኝ እንጃ፣ በርሜሉ ለቦርቦን የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው አልኳት።

«አንዴ?!»

«ሕጉ አዲስ መሆን አለበት ይላል። ከዚያ ብዙው ስኮትላንድ ይሄዳል፤ እነሱ የራሳቸውን ዊስኪ ያቆዩበታል።»

«ብልሆቹስ እነሱ ናቸው» አለች። የእሷ ጋን ከአያቴ የመጣ ነው። አፉ ትንሽ ተሸርፏል፣ በኳስ የመታሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ይጠመቅበታል።

ከበርሜሉ በየዓመቱ የሚተነውን «የመላእክት ድርሻ» እንደሚሉት ስነግራት ግን ሳቀች። «እኛ ጋ ድርሻውን የሚወስደው ጎረቤት ነው።»

ልንዘጋ ስንል ተመለሰችበት። «እና ያ በርሜል ስንት ይይዛል?»

«200 ሊትር ገደማ።»

ትንሽ አሰበች።

«ለፋሲካ ይበቃ ነበር» አለች።