የደረቀ ሲሚንቶን ከጡብ ላይ በአሲድ ማስለቀቅ

ጡብ ላይ የደረቀ የሲሚንቶ ቅሪት በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል፤ 30 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ያለው አሲድ ግን በውሃ ሳይቀጥን ሥራ ላይ አይውልም። በፕላስቲክ ባልዲ መጀመሪያ 10 እጅ ውሃ፣ ከዚያ 1 እጅ አሲድ በቀስታ። ውሃው አሲድ ላይ ከፈሰሰ በሙቀቱ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ብዙዎች የሚሰንፉት ግድግዳውን አስቀድሞ በውሃ ማራስ ላይ ነው። ደረቅ ጡብ አሲዱን ይመጠዋል፣ በጡቦቹ መሃል ያለውን ሲሚንቶም ያስበላል። የቀጠነው አሲድ ሲቀባ ቱስ እያለ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ጋብ ሲል፣ ሳይደርቅ፣ በብሩሽ ፈግፍጎ በብዙ ውሃ ማጠብ።

እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ላይ በጭራሽ! ድንጋዩ ራሱ ይሟሟል። የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ክፍት አየር ግድ ናቸው። በረኪና አጠገቡ አይድረስ፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።