ትሬይለር ስንገዛ ከሁሉም በፊት ጣራው ላይ ወጣሁ

ትሬይለር፣ ማለትም በመኪና ሚጎተተውን የካምፒንግ ቤት፣ ልትገዙ ስትሄዱ ሁሉም ሰው ሚያሳያችሁ ውስጡን ነው። ኪችኑን፣ የልጆቹን ተደራራቢ አልጋ፣ ቲቪው እንዴት እንደሚዞር፣ መብራቱ ከለር ሲቀያይር ምናምን። ጣራውን ግን "ና ውጣና እየው" ሚላችሁ የለም። እኔ ደግሞ ትሬይለሩ ቶሎ ይሙት ወይ ብዙ ዓመት ይቆይ ሚወስነው ጣራው ነው ባይ ነኝ፣ ጣራውን ሚያቆየው ደግሞ ባለቤቱ በየጊዜው ወጥቶ ማየት መቻሉ ነው። ወጥታችሁ ማትቆሙበትን ጣራ አትንከባከቡትም፣ በቃ። ፍለጋ የወጣሁት ይሄን ይዤ ስለሆነ እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አሁን አሁን የኛ ሰው በተለይ ልጆች ያሉት ካምፒንግ እየለመደ ነው፣ ሲገዛ ግን ማንም ስለዚህ ነገር አይነግረውም።

ምንኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ትሬይለር የፈለግነው በዋናነት ለኪችኑ ነው፣ ካምፒንግ ጥሩ ሚሆነው ሰመር ላይ ነው፣ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ በጾም ሆቴል ገብቶ ምን አላችሁ እያሉ መለመን ሰልችቷታል። የራሳችን ምድጃ ካለ ሽሮውም ምስሩም እዛው ይሰራል። ስለዚህ አሮጌም ቢሆን ደህና ይዞታ ያለው ነገር እንግዛ ተባባልን።

መጀመሪያ የትሬይለር ጣራ ከምን እንደሚሰራ እወቁ። ሺንግልም ቆርቆሮም የለውም። አብዛኞቹ ላይ ቀጫጭን የእንጨት ወራጅ አለ፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ ወይ ደግሞ ኦኤስቢ ሚባለው ከተጨመቀ ፍቅፋቂ የተሰራ ጣውላ ይነጠፍበታል፣ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 3/8 ኢንች ነው፣ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከዛ በላይ ስስ ጎማ ይለጠፋል። አለቀ። ከዛ ያንኑ ጎማ ቀድደው ነው ሁሉን ነገር ሚተክሉበት፣ ለፋኑ 14 በ14 ኢንች፣ ለኤሲው እንደዛው 14 በ14፣ ለሽንት ቤቱ ታንክ መተንፈሻ ቱቦ፣ ሻወሩ ላይ ስካይላይት (ብርሃን ማስገቢያ የፕላስቲክ መስኮት)፣ አንቴና። እያንዳንዱ ቀዳዳ ውሃ ማያስገባው ዙሪያውን የፈሰሰበት ማሸጊያ ስላለ ብቻ ነው። ቤት አንድ ቦታ ቆሞ ነው ሚኖረው፣ ይሄ ግን ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ላይ ተራራ ለተራራ እየተንገጫገጨ ነው ሚሄደው፣ ሲንገጫገጭ ማሸጊያው ይላቀቃል። ፀሐዩ ደግሞ አለ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው የደጋ ፀሐይ ያውቃል፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆዳ ሚለበልበውን ማለቴ ነው፣ እሱ ነው ማሸጊያውን አድርቆ ሚሰነጥቀው። በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ሌሊት ሲረጋ ደግሞ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ማኑዋላቸው ላይ ጣራውን በየሶስት ወሩ ገደማ እዩ ብለው ሚጽፉት፣ ካላያችሁና ካልጠገናችሁ ዋራንቲውን ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። እንግዲህ በዓመት አራቴ ገደማ መውጣት ካለባችሁ ምትወጡበትና ምትቆሙበት ያስፈልጋል አይደል? በየጊዜው ሾፕ ወስዳችሁ ልታሳዩ ካሰባችሁ ደግሞ ሂሳቡን አስቡት።

ስለ መሰላሉ። ከኋላው መሰላል የተገጠመለት ሁሉ ጣራው ሰው ይችላል ማለት አይደለም፣ መሰላል የሌለው ሁሉ ደካማ ነው ማለትም አይደለም። አንዳንድ አዳዲሶቹ "ላደር ፕሬፕ" ይሏቸዋል፣ ማንጠልጠያው ብቻ ነው ያለው፣ መሰላሉን ለብቻ ገዝታችሁ ስትፈልጉ ትሰቅሉታላችሁ። ቀለል ያሉት ላይ እሱም የለም፣ ያኔ ከቤት መሰላል ይዞ መምጣት ነው፣ እሱም ቢሆን አሸንዳው ላይ ወይም አውኒንጉ (ከጎን ሚዘረጋው የጥላ ሸራ) ላይ ካስደገፋችሁት ይታጠፋል፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ሚይዝ ድጋፍ ያስፈልገዋል። የተገጠመውም የራሱ ጣጣ አለው፣ እግሮቹ ግድግዳውን በስተው ስለሚታሰሩ ብሎኖቹ ጋ ካልታሸገ ውሃ ማስገቢያ ይሆናል። ብዙዎቹ ላይ 250 ፓውንድ ሚል ስቲከር አለ፣ ወደ 113 ኪሎ ማለት ነው፣ ያ ግን እናንተን ብቻ ሳይሆን ተሸክማችሁ ምትወጡትንም ዕቃ ይጨምራል። የኔ ምርጫ የተገጠመ መሰላል ያለው ነበር፣ ምክንያቱም በቀላሉ ሚወጣበት ጣራ ቶሎ ቶሎ ይታያል። ከጎረቤት መሰላል መዋስ ካለብኝ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመቱ ያልፋል።

ሰው ቤት ሄጄ ከማየቴ በፊት በስልክ እጠይቅ ነበር፣ ጣራው ላይ ብወጣ ይፈቅዱልኛል ወይ፣ መጨረሻ የታሸገው መቼ ነው፣ በምን ታሸገ። "ጣራው ደህና ነው፣ መውጣት አያስፈልግም" ያለኝ ሰው ጋ አልሄድኩም። ጋሼ ምለው በሩፊንግ ስራ ብዙ ዓመት ያሳለፈ ወዳጃችን አለ፣ እዚህ በረዶ በመታ ቁጥር ጣራ ሲቀይር ነው ሚውለው፣ እሱን ለምኜ ይዤው ነበር ምሄደው። ያስተማረኝ ይሄ ነው፣ ቀጥ ብለህ እንዳትቆም፣ መጀመሪያ መሰላሉ ላይ እንዳለህ በእጅህ ጠርዙን ተጫን፣ ከዛ በጉልበትህ ውጣ፣ ክብደትህን በእጅና በጉልበት ከፋፍለህ ቀስ እያልክ ሂድ። ወራጁ ላይ ስትሆን ጠንካራ ነው፣ በሁለት ወራጅ መሃል ትንሽ መመለስ አለው፣ እሱ ጤነኛ ነው፣ ስፕሪንግ ያለው ነገር ነው። መጥፎው ሰርጎድ ብሎ ማይመለሰው ነው፣ እንደ ረጠበ ካርቶን ሚሆነው፣ እሱ ጋ እንጨቱ በስብሷል። ብዙ ጊዜ ይሄ ሚገኘው ፋኑ ዙሪያ፣ ኤሲው ስር፣ እና አራቱ ማዕዘኖች ላይ ነው። ኤሲው ከባድ ስለሆነ እንጨቱ ደካማ ከሆነ ዙሪያውን ያጎደጉደዋል፣ ያጎደጎደው ቦታ ላይ ደግሞ ውሃ ይተኛል፣ ጎማው ላይ የደረቀ የጭቃ ክብ ካያችሁ ውሃ እዛ ይተኛል ማለት ነው። መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ጎን ሚያፈስ ጣራ ለዚህ ነው ከዝርግ ሚሻለው።

አንዱን አልረሳውም። ፎቶው ላይ ልብ ሚሰርቅ፣ ውስጡ ታድሶ፣ ባለቤቴ ገና ከበሩ ስትገባ ወዳው ነበር። ጣራው ላይ ስንወጣ ዙሪያውን በሙሉ አዲስ ነጭ ሲልከን ተለቅልቋል። ጋሼ ገና ሲያየው ፊቱ ተቀየረ። ለዚህ ጎማ የተሰራው ማሸጊያ ሲልከን አይደለም፣ ዲኮርን የመሳሰሉ ራሳቸው ፈስሰው ሚስተካከሉ አሉ፣ ሲልከን አንዴ ከተቀባ በኋላ ትክክለኛው ማሸጊያ በላዩ አይዝም፣ ሁሉንም ፍቆ ማንሳት ነው። ፋኑ ጋ በጉልበቴ ስጫን ሰረጎደ። ወርጄ ከፋኑ በታች ያለውን ኮርኒስ በአውራ ጣቴ ስነካው ልል ነው፣ ጥግ ላይ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ደግሞ አዲስ የግድግዳ ወረቀት ተለጥፏል፣ ሌላው ቁምሳጥን ውስጥ የለም። ለምን አንዱ ጋ ብቻ? የእርጥበት መለኪያዬን፣ ከሃርድዌር ሱቅ ሚገዛውን ባለሁለት መርፌውን፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስነካው ከ20 ፐርሰንት በላይ አለኝ፣ እንጨቱ ረጥቧል ማለት ነው። ሻጩ ወዲያው ዋጋ ቀነሰ፣ ደህና ገንዘብ ነው የቀነሰው፣ እኛ ግን አመስግነን ሄድን። የበሰበሰ ጣራ ማለት ጎማውን ገፎ እንጨቱን ቀይሮ እንደገና መስራት ነው፣ ያ ወጪ አሮጌ ትሬይለር ላይ ከትሬይለሩ ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ባለቤቴ በመኪና ውስጥ ትንሽ አኩርፋ ነበር፣ እውነቷን ነው፣ ኪችኑ ያምር ነበር።

ዲለርም ጋ ሄደን አዲስ አይተናል። እዛ ሻጩ "ዎከብል ሩፍ ነው"፣ ሰው ሚሄድበት ጣራ ነው፣ ይላችኋል። እሺ፣ የት ተጽፏል? ማኑዋሉን አስመጡና ገጹን አሳዩኝ በሉ። ወራጆቹ በ16 ኢንች ነው ወይስ በ24 ኢንች ርቀት የተቀመጡት፣ በላዩ የተነጠፈው ምንድን ነው፣ ውፍረቱስ? እነዚህን ጥያቄዎች ሚመልስ ሻጭ ብዙ አታገኙም፣ ማያውቅ ከሆነ ሰርቪስ ክፍሉን ይጠይቅላችሁ፣ እነሱ ያውቃሉ። ክብደት ለመቀነስ ብለው በፎምና በስስ ሉህ ብቻ ሚሰሩት አሉ፣ ትንሽ መኪና እንዲጎትታቸው ማለት ነው፣ እነሱ መጥፎ ናቸው አልልም፣ ግን በላያቸው አይሄድም፣ ጥገናውን ከጎን መሰላል ላይ ሆናችሁ እየተንጠራራችሁ ነው ምትሰሩት። ዋራንቲውንም አንብቡት፣ እኔ ያነበብኩት ጎማው ላይ 12 ዓመት ይላል፣ ግን ጎማውን ራሱን ነው እንጂ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ አይደለም፣ ሚያፈሰው ደግሞ ማሸጊያው ነው።

የጎማውን ዓይነት በተመለከተ ብዙ አልጨነቅም። ኢፒዲኤም ሚባለው ሲያረጅ ዱቄት ይለቅና ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያወርዳል፣ ነዳጅ ነክ ማጽጃ ከነካው ያብጣል። ቲፒኦና ፒቪሲ ሚባሉ የፕላስቲክ ዓይነቶችም አሉ፣ ፋይበርግላስ ጠንካራ ነው ዋጋው ግን ይወጣል። ሁሉም ማሸጊያው ካልታየ ያፈሳሉ፣ ብቻ የትኛው እንደሆነ እወቁ፣ ማጽጃውም ማሸጊያውም በሱ ነው ሚመረጠው።

በመጨረሻ የገዛነው ከአንድ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነው። ሰውዬው ስንደርስ ራሳቸው መሰላሉን ጠረግ አድርገው "ውጣ" አሉኝ፣ ከዛ አንድ ፎልደር አወጡ፣ በየፀደዩና በየመከሩ የጣራው ፎቶ፣ የትኛውን ቀዳዳ መቼ እንዳሸጉ። መሰላሉን ያዝ አድርጌ ነቅነቅ ሳደርገው ምንም አላለም፣ ጣራው በ16 ኢንች ወራጅ ላይ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጉልበቴ ሄጄ አንድም ልል ቦታ አላገኘሁም። ጎኑን ደግሞ ፀሐይ ወደ መጥለቂያው ሲያዘነብል ከጥግ ሆኜ በዓይኔ አብሬው ሄድኩ፣ ግድግዳው ውስጥ ውሃ ካለ ላዩ አረፋ ያወጣል፣ ያ በአግድም ብርሃን ነው ሚታየው። ንጹህ ነው። እንዲያም ሆኖ ገለልተኛ ኢንስፔክተር ከፍለን ሙሉ በሙሉ አስፈተሽነው፣ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ በፋኑ ቀዳዳ አየር ይነፋበትና ውጪውን ሳሙና ይረጩታል፣ አረፋ ያወጣበት ቦታ ክፍት ነው። የስካይላይቱ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ አወጣ፣ ሰውዬው ቱቦ ማሸጊያ አምጥተው እኔ እያየሁ አሸጉት።

አሁን እንዴት እንደምይዘው ልንገራችሁ። ምወጣው ጤዛ ሳይኖር ነው፣ እርጥብ ጎማ ያንሸራትታል፣ ከጣራው እስከ መሬት ከሶስት ሜትር በላይ ነው፣ ንፋስ ካለ አልወጣም፣ ቤት ሰው ከሌለ አልወጣም። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ፣ ጫማው ላይ ጠጠር ካለ ጎማውን ይበሳል። ቆራጣ ኮምፔንሳቶ ከስሩ አሮጌ ምንጣፍ ለጥፌበት በላዩ ነው ምንበረከከው፣ ክብደቱን ይበትነዋል። ስኖው ሲጥል አካፋ አይነካውም፣ ለስላሳ መጥረጊያ ብቻ። በ2021 ማርች ዴንቨር ላይ 27 ኢንች ነው የጣለው፣ የፀደይ ስኖው ደግሞ ውሃ ያዘለ ከባድ ነው፣ ያን ሁሉ ተሸክሞ ሚከርም ጣራ ጠንካራ መሆን አለበት። በረዶውም እንደዛው፣ ሜይ 8 ቀን 2017 የመታው በኮሎራዶ ታሪክ በኢንሹራንስ ክፍያ ከሁሉ የከበደ ነበር፣ ትሬይለር ላይ በረዶ መጀመሪያ ሚሰብረው የፋኑን ክዳንና ስካይላይቱን ነው፣ ፕላስቲክ ናቸዋ። ከዝናብና ከበረዶ በኋላ ቶሎ መውጣት መቻል እዚህ ጋ ነው ዋጋው ሚታየው፣ ክዳኑ ተሰንጥቆ ሳምንት ከቆየ ኮርኒሱ አለቀ።

ዘንድሮ ሶላር ልንገጥም ነው። ጋሼ ፓነሎቹን ወራጁ ላይ እንጂ ባዶ ጣውላ ላይ እንዳላስር፣ ብሎኑ ሁሉ ስሩም ላዩም እንዲታሸግ ነግሮኛል። ሻጩ አራት ፓነል ይገባል ብሎ ነበር፣ እውነት ነው ይገባል፣ ግን አራቱ ከገቡ ከመሰላሉ ተነስቼ ስካይላይቱ ጋ ምደርስበት መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለት ነው ምናደርገው፣ ከመሰላሉ እስከ ፊት ለፊቱ አንድ ሰው በጉልበቱ ሚያልፍበት መተላለፊያ ይቀራል፣ ለፋኑም ለኤሲውም ለቱቦዎቹም እጄ ይደርሳል። ማታ መብራቱን ትንሽ ቀንሰን እንጠቀማለን።