መያዜ ዜና ነበር፣ መለቀቄስ?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስሜ ኢንተርኔት ላይ ምን ተሸክሞ እንደሚዞር የሰማሁት ሊቀጥረኝ ከነበረ ሰው ነው። ቃለ መጠይቁ ደህና ሄዶ ነበር። መጨረሻ ላይ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና «ይሄ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ገና ተማሪ እያለሁ በአንድ የስርቆት ጉዳይ ከሌሎች ልጆች ጋር ተይዤ ነበር። ፖሊስ ቃሌን ተቀበለ። ነገሩ እንደማይመለከተኝ ታወቀ፣ ዐቃቤ ሕግም መዝገቡን ዘጋው። ክስ የሚባል ነገር አልተመሠረተብኝም። አንድ ጋዜጣ መያዛችንን ከነሙሉ ስማችን አወጣ። መለቀቄን ግን አንድም ሰው አልጻፈውም።

ያኔ ወሬው ቶሎ ቀዘቀዘ። ጋዜጣው አሮጌ ሆነ፣ ሰውም ረሳው። በቅርቡ ግን ድርጅቱ የድሮ እትሞቹን በሙሉ ድረ ገጹ ላይ ጫናቸው። የፍለጋ ውጤቱን ቤት ገብቼ በደንብ አየሁት። ስሜ በደማቁ ተጽፏል። ቀጥሎ «በቁጥጥር ስር ዋሉ» ይልና ዓረፍተ ነገሩ በነጥቦች ይቆረጣል። አጠገቡ ያለው ቀን ደግሞ ጽሑፉ የተጫነበት ነው እንጂ ዜናው የወጣበት አይደለም። ለማያውቅ ሰው የተያዝኩት ትናንት ነው የሚመስለው። ከሁሉም አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ቀን ነው።

ወዳጆቼ «አስጠፋው!» አሉኝ። እኔ ግን ማኅደር እንዲጠፋ አልፈልግም። ዛሬ የእኔ ዜና በልመና ከጠፋ፣ ነገ የሕዝብ ገንዘብ የበላ ባለሥልጣን ዜናም በጉልበት ይጠፋል። የእኔ ዜና ውሸት የለበትም። መጨረሻው ነው የጎደለው። የጎደለውን ደግሞ መሙላት ይቻላል።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደያዘው ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የአንድ ስፔናዊ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ስሙ ጉግል ላይ በተፈለገ ቁጥር በ1998 ስለ ዕዳው ጋዜጣ ላይ የወጣ የጨረታ ማስታወቂያ ይመጣበታል። ፍርድ ቤቱ ሰው በስሙ ሲፈለግ የሚመጣ እንዲህ ያለ ውጤት እንዲነሣለት ጉግልን መጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። ጽሑፉ ግን ከጋዜጣው ድረ ገጽ ላይ አልተነሣም። በ2019 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ጉግል ውጤቱን በመላው ዓለም የማንሣት ግዴታ የለበትም አለ። ስለዚህ ውሳኔው ከአውሮፓ ውጭ ላለ ሰው ብዙም አይደርስለትም። እኔን ይበልጥ ያጽናናኝ አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ወኪል ውሳኔ ነው። በ2021 ቀላል ወንጀሎችን በሚመለከቱ አጫጭር ዜናዎች ላይ የተጠርጣሪዎችን ስም መጥቀስ እንደሚያቆም አስታወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እስከ መጨረሻው ለማይከታተሉት ጉዳይ የሰው ስም መጥራት አይገባም። ይህን ጋዜጠኛ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ለጋዜጣው አዘጋጅ ጻፍኩ። ስድብም ማስፈራሪያም የለበትም። የዐቃቤ ሕጉን የመዝገብ መዝጊያ ደብዳቤ አያይዤ፣ መለቀቄ ከዜናው አናት ላይ እንዲጻፍ፣ ትክክለኛው ቀን እንዲመለስ፣ ገጹም በፍለጋ እንዳይመጣ እንዲደረግ ለመንኩ። የመጨረሻው ቀላል ነው። ኖኢንዴክስ የሚባል አንድ መስመር ኮድ ገጹ ላይ ማስገባት ብቻ ነው። ማኅደሩን የሚያገላብጥ ሰው ዜናውን ያገኘዋል፣ ጉግል ግን አያወጣውም።

«ማኅደራችንን አንነካም» የሚል መልስ መጣልኝ። እኔም «አንድ ቃል አትሰርዙ፣ ጨምሩበት ብቻ» ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። ይህን ሲያዩ ለዘብ አሉ። ማስታወሻው ገባ፣ ቀኑም ተስተካከለ። ኖኢንዴክሱን እምቢ አሉ። ያም ሆኖ ገጹ ስለተቀየረ፣ ጉግል ጊዜ ያለፈበት ውጤት እንዲታደስ መጠየቂያ አለውና በዚያ አመለከትኩ። አሁን በስሜ ሥር «ክስ ሳይመሠረት ተለቀዋል» የሚለውም ይነበባል።

የቀሩኝ ዜናውን ገልብጠው የለጠፉ ሌሎች ድረ ገጾች ናቸው። አንዳንዶቹ መልስ እንኳ አይሰጡም። አድራሻ ላገኘሁላቸው ሁሉ ያንኑ ደብዳቤ፣ የታረመውን ገጽ ጨምሬ፣ እየላክሁ ነው።