ጽጌረዳን ከቅርንጫፍ ማራባት

ለጀማሪ አትክልተኛ ከጽጌረዳ የተሻለ መለማመጃ ያለ አይመስለንም፤ በአሮጌ ግቢዎች እናት ተክሉ አይጠፋም። አበባው ከረገፈበት ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያክለውን ምረጡ። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ዓይኖቹ (ቅጠል የሚያቆጠቁጥባቸው ቦታዎች) ቢያንስ 4 ይሁኑ። የታችኛውን ጫፍ ከዓይን ሥር ቀጥ አድርጋችሁ፣ የላይኛውን ከዓይን በላይ ሰያፍ ቁረጡ፤ እንዲህ ካልተለየ በስህተት ተገልብጦ ሊተከል ይችላል። መቀሱ ስለት ይኑረው። የደነዘዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቃል፣ መበስበስም ከዚያ ይጀምራል። ከላይኛው ጫፍ 2 ቅጠል ትታችሁ ሌላውን አራግፉ።

ብዙው የሚበላሸው አፈሩ ላይ ነው። ዋልካ ብቻውን ውሃ ቋጥሮ አየር ይከለክላል። ግማሽ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ የተነፋ ቀይ አፈር ይበቃል፤ ፍግ አሁን አያስፈልግም (ስር የሌለው ግንድ በምን ይበላዋል?)። የችግኝ ከረጢቱን ከታች ብሱት። በእንጨት ቀዳዳ ሠርታችሁ 2 ዓይን እስኪቀበር አስገቡ፣ ዙሪያውን ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ጥላ ሥር አኑሩት። በክረምት የጣሪያ ጠፈጠፍ አያግኘው።

ቅጠል ቶሎ ቢያቆጠቁጥ አትታለሉ፤ ግንዱ ያጠራቀመውን ምግብ እየጨረሰ ሊሆን ይችላል። ነቅሎ ማየት ጀማሪውን ስር ይበጥሳል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ታግሳችሁ፣ ስሩ በከረጢቱ ቀዳዳ ብቅ ሲል ወደ መደብ አዛውሩት።