ክርኔን ማንም ሳይነካው ሦስት ወር

የግራ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ግማሽ ደነዘዙ። ግማሽ ያልኩት በምክንያት ነው፦ የቀለበት ጣት በትንሿ በኩል ደንዝዞ በመሐል ጣት በኩል ደህና ከሆነ፣ የተያዘው በአብዛኛው አልናር የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንገት የሚመጣ መደንዘዝ ጣትን እንዲህ ለሁለት አይከፍልም። በዚያው በኩል የእጅ ጀርባም ከደነዘዘ፣ ነርቩ የተጫነው ከእጅ አንጓ በላይ፣ ብዙ ጊዜ ክርን ላይ ነው።

ይህን ለመለየት ጣቱን በጥጥ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃ ነበር። ድሬዳዋ የታከምኩበት ክሊኒክ ግን ስኳሬን ለካ፣ አንገቴን ራጅ አስነሳ፣ ከዚያ የቫይታሚን መርፌ ጀመረ። ሦስት ወር! ክርኔን የነካ የለም። ጫት በርጫ ላይ በየት በኩል ነው የምትደገፈው ያለኝም የለም፣ ያውም በድሬዳዋ። እኔም ሞኙ መርፌዬን ተወግቼ በቀጥታ ወደ መከዳዬ፣ በዚያው ክርን ላይ።

በብዙዎቹ እነዚህ የመርፌ አምፑሎች ውስጥ 100 ሚሊግራም ቫይታሚን ቢ6 አለ። ቢ6 ለቲቢ አይሶናያዚድ ለሚወስድ ሰው በትንሽ መጠን ነርቭ ይጠብቃል፤ በብዛት ለወራት ሲወሰድ ግን ራሱ ነርቭ ይጎዳል። የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ቢጎድለው መርፌው ይጠቅመዋል። የተጫነ ነርቭን ግን ቫይታሚን አያነሳውም።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ፦ ሥጋ ደዌ በብዛት ከሚያጠቃቸው ነርቮች አንዱ ይኸው አልናር ነው። ከክርን ውስጠኛ አጥንት ጀርባ ዳስሱት። ከሌላው እጅ ከወፈረ፣ ወይም ገላ ላይ ስሜት የሌለው የነጣ ወይም የቀላ ቆዳ ካለ፣ ከሐረር በባቢሌ መንገድ ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታል በሽታውን ያውቀዋል። አፍራችሁ አትቅሩ።

የኔ መደገፍ ብቻ ነበር። መከዳውን ከክርኔ አንስቼ ከጀርባዬ አደረግኩ። ክርን ሲታጠፍ ነርቩ ስለሚወጠር፣ ማታ ማታ ክርኔ ላይ ፎጣ ጠቅልዬ በፋሻ ላላ አድርጌ አሰርኩት። ስልክ በቀኝ እጅ። በስድስተኛው ሳምንት መውረሩ ቀነሰ። ሐኪም «በርጫውን ተው» ይላል፤ እኔ መጀመሪያ አቀማመጡን ቀይሩ እላለሁ። እግር ማጣመርም እንዲሁ ነው፤ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለው ነርቭ ሲጫን የእግር መዳፍ ይወድቃል።

ወረቀት በአውራና በሌባ ጣት ጎን ያዙና ሰው ይጎትተው። የአውራ ጣት ጫፍ ከታጠፈ፣ ወይም በሁለቱ መሐል ያለው ሥጋ ከጎደጎደ፣ ፎጣ አይበቃም፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይየው። የኔ ጉድጓድ ዛሬም አልሞላም።